ለገና የሚነበብ የፍቅር መጽሐፍ

የገና ዕረፍት ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ ከእጅ እጅ የሚዞሩት የውጭ አገር የፍቅር ልብ ወለዶች ሽፋናቸው አንድ ዐይነት ነው፤ በረዶ የለበሰ መንደር፥ የሚነድ ምድጃ፥ ከከተማ የመጣች ልጅና አንድ ኩሩ ባለሆቴል። ሽፋኑን ያየ ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል። በአንባቢዎቹ ላይ የሚሳለቁ ጓደኞች አሉን፤ እኛ ግን ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ፈተና ጨርሶ የደከመ ተማሪ መልካም ፍጻሜ ቢመኝ ምን ነውር አለበት?

ቅሬታችን ሌላ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ማገዶው በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ የሚጠይቅ የለም። አሜሪካዊው ኦ ሄንሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ባወጣት «የሰብአ ሰገል ስጦታ» በምትባለው አጭር ታሪክ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሳንቲም ቈጠራ ነው። ዴላ በገና ዋዜማ በእጇ ያለው 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ብቻ ነው። ለባሏ የሰዓት ሰንሰለት ለመግዛት ስትል ጠጕሯን በ20 ዶላር ትሸጣለች፤ እርሱም ለጠጕሯ ጌጥ የሚሆን ማበጠሪያ ለመግዛት ሰዓቱን ሸጦ ኖሯል። እኛ እንደምናየው ፍቅራቸው የሚሞቀው ድኽነታቸው ስላልተደበቀ ነው። ታሪኳም በአንድ ምሽት ታልቃለች።

ታኅሣሥ 29 ቀን ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ አጥተው እዚሁ ግቢ የሚውሉ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ ወደየቤተ ሰቦቻችሁ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፥ አንብባችሁ የጨረሳችሁትን መጽሐፍ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አኑሩልን። ባለ በረዶውንም ቢሆን እንቀበላለን።