ለእሳት የተባለው ውሃ የት አለ?



ፎቅ ላይ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ሲጨርሱ እባክዎ ምድር ቤት ይውረዱልኝ። ታንከሩ ስንት ሺህ ሊትር እንደሚይዝ አይጠይቁ፤ እሱን ጥበቃውም ያውቀዋል። ይልቅ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ከታንከሩ በየት በኩል እንደሚስብ ይመልከቱ። ቧንቧው ከታች ከወለሉ ጋር ከተያያዘና ለእሳት ብቻ የተለየ ሌላ ታንከር ከሌለ፣ ፕላኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ህንፃው ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ውሃ የለም።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው የዘገየ ዕለት ተከራይ ይጮኻል፣ የህንፃው አስተዳደር ይጨነቃል፣ «ለእሳት» የተባለውም ውሃ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሳት ለዓመታት ላይመጣ ይችላል፣ ሽንት ቤት ግን በየሰዓቱ ነው። መላው ርካሽ ነው፦ የዕለት ፍጆታው ቧንቧ ከታንከሩ ከፍ ብሎ ይውጣ፣ የእሳቱ ፓምፕ ከታች ይሳብ። ውሃው ከላይኛው ቀዳዳ ሲወርድ የየቤቱ ቧንቧ አየር ይተፋል፤ የታችኛው ውሃ ግን ባለበት ይቆያል። «አትንኩ» የሚል ወረቀት ከመለጠፍ ይህ ይሻላል፤ ቧንቧ ይሉኝታ አያውቅም።

ስንት ይበቃል? በአሜሪካ መለኪያ ከሄድን፣ በፎቅ ውስጥ ያለ አንድ ቋሚ የእሳት መስመር በደቂቃ 1,900 ሊትር ገደማ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማግኘት አለበት። 57 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ በዚህ አካሄድ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ውሃው መኖሩም ብቻውን አይበቃም። አሥር ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ይበላል። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጫፍ ለመድረስ ሃያ ባር መንገድ ላይ ይቀራል። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ህንፃ ከ22ኛው ፎቅ ጀምሮ ሲነድ፣ መብራት ጠፋ፣ መጠባበቂያ ጀነሬተሩም አልሠራ አለ። የግፊት መቀነሻ ቫልቮቹ በትክክል ስላልተስተካከሉ የእሳት ሠራተኞቹ ቱቦ የሚተፋው ውሃ ደካማ ነበር። ሦስቱ እዚያው ሞቱ። እሳቱን 30ኛው ፎቅ ላይ የገቱት በዚያው ፎቅ ኮርኒስ ላይ የተገጠሙ አሥር ስፕሪንክለሮች ናቸው።

ስለዚህ ታንከሩን አይተው ሲጨርሱ ወደ ፓምፑ ዞር ይበሉ። መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው መቼ ነው? የክፍሉ ቁልፍ ቅዳሜ ሌሊት ማን ዘንድ ያድራል? መልስ ካላገኙ፣ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ከሊፍቱ መዋጮ በፊት ይህንን አጀንዳ ያስይዙልን።