ጥቁር መነጽር ሁሉ ጋሻ አይደለም

ባለፈው እሑድ ሁለት የፀሐይ መነጽሮች ይዤ ከማለዳ እስከ ማታ እንጦጦ ላይ ዋልሁ። አንዱ ከመንገድ የገዛሁት ጥቁር፣ ሁለተኛው ከጓደኛዬ የተዋስሁት የስፖርተኞች መነጽር ነበር። ጥቁሩ በባሕር ዛፉ ጥላ ውስጥ አደናቀፈኝ፤ ሲያልበኝም ካፍንጫዬ ተንሸራተተ። የስፖርተኛው ግን የጎኑን ብርሃን ከልክሎ ሳይነቃነቅ ዋለ።

ይሁን እንጂ ዋናውን ነገር ውሎዬ አልነገረኝም። ዓይንን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር አይታይም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። መከላከያ የሌለው ጥቁር መነጽር ብሌንን አስፍቶ ለጨረሩ በር ይከፍታል። እንግዲህ ከባዶ ዓይን የከፋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት መለኪያ ካለው መነጽር ቤት ሁለቱንም አስለካሁ። የጓደኛዬ ጨረሩን አገደ፤ «ዩቪ 400» የተለጠፈበት የእኔው አሳለፈ። ልኬቱ የደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ በጥቁረቱም በተለጠፈበት ጽሑፍም አንታለል። ተማሪ የተጻፈውን ሁሉ መርምሮ መቀበል ልማዱ ነው፤ መጽሐፉን የሚያነብበትን ዓይንማ እንዴት ሳይመረምር ለማንም ጽሑፍ አደራ ይሰጣል?