ማዕረግ አብሮ ሲመጣ፣ ሙያ ሲቀር

ረጅም ዘመን መለዮ ለብሶ ያገለገለ ሰው አንድ ቀን የፖሊስ አዛዥ ለመሆን ቢመኝ የሚያስነውር አይደለም። ባለቤቱም ብትመኝለት አንፈርድባትም፤ በየዝውውሩ ዕቃ የጠቀለለችው እርሷ ናትና። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ምኞቱ ምን እንደሚጠይቅ ነው። ለዚህም ከጁባ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የሰላሙ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በርካታ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር አባላት ወደ ፖሊስ ተዛወሩ። ማዕረጋቸው አብሯቸው መጣ፤ ሙያው ግን አልመጣም። አያሌዎቹ ዕድሜያቸውን በጦርነት ስላሳለፉ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም ነበር። ከአዛዦቹም መካከል መንገዱ ይኸው የሆነ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የፖሊስ ጠቅላይ ኢንስፔክተር የሆኑት ጄኔራል ፒየንግ ዴንግ ኩዎል ከጦሩ የመጡ መኮንን ነበሩ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። በወታደር ፊት የሚቆመው ጠላት ነው፤ በፖሊስ ፊት የሚቆመው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። የደቡብ ሱዳን የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ፖሊስ ለምርመራ የያዘውን ሰው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳያቆይ፣ በዋስ ካልለቀቀውም ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። የአንቀጹ ቁጥር ከእኛው ሕገ መንግሥት ጋር መግጠሙ ይገርማል፤ የእኛው አንቀጽ 19 የመንገዱን ጊዜ ሳይቆጥር 48 ሰዓት ይሰጣል።

እንግዲህ አንድ የጣቢያ አዛዥ እናስብ። ሰው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተያዘ። የተያዘበት ሰዓት በመዝገብ ካልሰፈረ 24ቱ ሰዓት ከየት ይቆጠራል? አዛዡ መዝገቡን ማንበብ ካልቻለስ፣ ጸሐፊው የነገረውን አምኖ ከመፈረም በቀር ምን ምርጫ አለው? የበታቾቹ ይህን ባወቁ ጊዜ ጣቢያውን በእርግጥ የሚመራው ማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ዓርብ ዕለት ስንቅ ይዛ በር ላይ የምትቆመው የእስረኛው እናት ግን የምትወቅሰው አዛዡን ነው፤ እውነትም አላት።

በዚህ ላይ የደመወዝ ነገር አለ። በዚያች አገር የጸጥታ ኃይሎች ለወራት ሳይከፈላቸው የቆዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልጆቹ የራቡበት ፖሊስ መንገደኛውን አስቁሞ እጁን እንዳይዘረጋ መከልከል ከማጥቃት ትእዛዝ ይልቅ ይከብዳል፤ ከልካዩ አዛዥ ራሱ እጁን ከዘረጋማ ነገሩ አበቃ።

ለመምራት የግድ የላይኛው ወንበር አያስፈልግም። ዛምቢያዊቷ ዶሪን ማላምቦ በላይቤሪያ የሰላም ተልእኮ ያገለገለች ፖሊስ ናት። በደቡብ ሱዳን በዋና ኢንስፔክተርነት ማዕረግ የሥርዓተ ፆታ አማካሪ ሳለች፣ የአገሪቱ ወንድ ፖሊሶች ለሴቶች መብት የሚቆሙበትን ማኅበር እንዲመሠርቱ ረዳች። እ.ኤ.አ. በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የዓመቱ ምርጥ ሴት ፖሊስ ተባለች።

የባሏን ሹመት የምትመኝ እመቤት ስለ ደመወዙ ጭማሪ ከመጠየቋ በፊት የመዝገቡን ነገር ብትጠይቀው እንወዳለን። ፊደሉ የከበደውም መኮንን ቢሆን ማታ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ምን ያሳፍረዋል? የታላቁ ልጅ ደብተርና አንድ እርሳስ ለጊዜው ይበቁታል።