ሐኪሙ ማይክሮስኮፕ ፊት ይቀመጥ

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳታቸው አልበርድ ያለ፣ ጣፊያቸው ያበጠ፣ ሰውነታቸው የመነመነ ሕሙማን በዙ። መጀመሪያ ወባ ነው፣ ምናልባትም መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በኋላ በላቦራቶሪ ሲጣራ ካላዛር የተባለ ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በአካባቢው አይታወቅም ነበርና ያኔ ያከሙትን መውቀስ አይገባም። ዛሬ በዚያው አቅራቢያ፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ደብረ ታቦር ላይ ሐኪም ለሚያሠለጥን ግን ከዚህ የተሻለ መማሪያ የት ይገኛል?

የሕክምና ተማሪ ላቦራቶሪን በመጠየቂያ ወረቀት ላይ በሚያደርጋት የራይት ምልክት ብቻ ሊያውቀው አይገባም። ደም ከሲሪንጅ ወደ ቱቦ በኃይል ሲገፋ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ ከደሙ የሚለየው ውሃ ይቀላል፤ ፖታሲየሙም ከእውነተኛው ልክ በላይ ይነበባል። ይህን በዐይኑ ያላየ ሐኪም የበዛው ፖታሲየም ልብን ያውካል ብሎ ያልታመመውን ልብ ለማከም ይጣደፋል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ነገርማ ባይነሣ ይሻል ነበር! አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ፣ ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ተህዋስ ጭምር ፖዘቲቭ ሊያደርገው እየቻለ፣ ስንቱ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ ያለ አበሳው መድኃኒት ይውጣል!

የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለላቦራቶሪ ልምምድ በቂ ሳምንታት ይመድቡ፤ ፈተናም ይኑረው። ተማሪው የወባ ስላይድ ራሱ አቅልሞ ራሱ ያንብብ። የላቦራቶሪ ባለሙያውም በጠዋቱ ራውንድ ከሐኪሞቹ ጎን ቆሞ «ይህ ናሙና አያስተማምንም፣ ይደገም» የማለት ሥልጣን ይሰጠው።