በቫዮሊን ሆድ ውስጥ የተደበቀችው እንጨት

ስለ ቫዮሊን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቫርኒሹና ስለ ዋጋው ነው። ቀለሙ እንደ ማር ያበራል፤ በጨረታ ይህን ያህል ሚሊዮን አወጣ ይባላል። ዳሩ ግን ገበታው ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያያት፤ ርዝመቷ ከስንዝር ጥቂት የምትበልጥ አንዲት ቀጭን እንጨት በሆዱ ውስጥ አለች። እንግሊዞች «ባስ ባር» ይሏታል። ጣሊያኖች «ካቴና»፤ ማለት ሰንሰለት፤ ብለው ሰይመዋታል። የዛሬው ዐምዳችን የእርስዋ ነው።

ሥራዋ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፤ አራቱ ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ ከ20 ኪሎ በሚበልጥ ኀይል ይስባሉ። ከዚህም ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚሆነው በድልድዩ በኩል ወደ ታች ይጫናል፤ ድልድይ የምንለው በእኛ በገና ላይ በርኩማ የሚባለውን ዐይነት ነው። ሸክሙን የሚቀበለው የፊት ገበታ ደግሞ በብዙው ስፍራ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ሰሌዳ ነው። ድልድዩ ሁለት እግሮች አሉት። በቀጭኑ ክር በኩል ካለው እግር አጠገብ በውስጥ አንዲት ዘንግ ቆማለች፤ ፈረንሳዮችም ጣሊያኖችም «ነፍስ» ይሏታል። በወፍራሙ ክር በኩል ካለው እግር ሥር ግን ባስ ባር ተጋድማለች። ነፍሲቱ አንዱን እግር ብዙ እንዳይነቃነቅ ስትይዘው፤ ሌላው እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። ባስ ባርም ያንን እንቅስቃሴ ተቀብላ ለገበታው ከላይ እስከ ታች ታዳርሰዋለች። ስለዚህ ምሰሶም ናት፤ መልእክተኛም ናት።

መሰንቋችን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፤ አንድ የተወጠረ ቆዳ፤ አለቀ።

አሠራሯን እንመልከት። እንጨቱ እንደ ገበታው ሁሉ ስፕሩስ የሚባለው፤ በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ከጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ነው። ብልህ ሠሪ በመጋዝ ብቻ አይቈርጠውም፤ በመጥረቢያ ይፈልጠዋል፤ ምክንያቱም ፍልጥ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ስለሚሄድ ከዳር እስከ ዳር ያልተቋረጠ ጥንካሬ ይገኛል። የዕድገቱ መስመሮች ባር በቆመችበት አኳኋን ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። የዛሬ ሠሪዎች ለቫዮሊን የሚወስዱት ልክ ርዝመቷ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ውፍረቷ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፤ በድልድዩ ሥር ያለው ከፍታዋ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየሳሳች ትወርዳለች።

ትዕግሥት የሚፈተነው በማጋጠሙ ላይ ነው። የገበታው ውስጥ ጐድጓዳና ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ቀጥ ያለ እንጨት አይገጥመውም። ሠሪው ጠመኔ ወስዶ ባር የምታርፍበትን ቦታ ይቀባል፤ ባርን ያስቀምጥና በጣም ጥቂት ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳታል፤ ሲያነሣት ከፍ ያለው ቦታዋ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ነጩን ብቻ በስለታም ቢላዋ ወይም በትንሽ መላጊያ ፍቆ እንደ ገና ያስቀምጣታል። እንደ ገና ነጭ፤ እንደ ገና ፍቆ። ጠመኔው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እስኪነካት ድረስ ይህ ይደጋገማል። ችኩል ሰው እዚህ ላይ በማጥበቂያ ጨምቆ ሊያስገድዳት ያምረዋል፤ ያን ጊዜ ግን ገበታው በግድ ተጣምሞ ይኖራል፤ ውሎ አድሮም ሊሰነጠቅ ይችላል። በባር ዳር የሚወርድ ስንጥቅ ጠጋኞች እጅግ ከሚጠሏቸው አንዱ ነው። በመጨረሻም ጠመኔው ተጠርጎ፤ ከእንስሳ ቆዳ የተፈላ ትኩስ ሙጫ ተቀብቶ ትጣበቃለች፤ ቅርጿም ከደረቀች በኋላ በመላጊያ ይስተካከላል።

ሠሪዎችን እስከ ዛሬ የሚያከራክር አንድ ነገር አለ። አንዳንዶቹ የባርን ጫፎች ከገበታው በጥቂቱ ከፍ አድርገው ይተዉና ሲያጣብቁ ይጫኗቸዋል፤ እንጨቷ እንደ ቀስት ሆና የክሮቹን ጭነት ትመልሳለች ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንጨት ውሎ ሲያድር ይለምዳል፤ ትርፉ ገበታውን ማስጨነቅ ነው ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያው መንገድ የተሠሩ ግሩም መሣሪያዎች መኖራቸውን መካድ አይቻልም።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ ነገሩ ያሳዝናል። በ1737 (በፈረንጅ አቈጣጠር) በክሬሞና የሞተው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪና በዘመኑ የነበሩት ሁሉ ባሮቻቸውን የሚሠሩት አጠርና ዝቅ አድርገው ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን አዳራሾች ሰፉ፤ የክሮቹ ውጥረት ጨመረ፤ የቫዮሊኑም አንገት ረዘመ። አሮጌዎቹ ባሮች ለዚህ አይበቁም ተብሎ ገበታዎቹ ተከፈቱና ጠንካራ ባር ገባላቸው። አሮጌ ባር የምትወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመላጊያና በመሮ ተፍቃ ነው፤ ማለት ከታላቁ ሊቅ እጅ የወጣችው እንጨት ፍቅፋቂ ሆና ከወለል ላይ ተጠረገች። ገበታውን እያደነቅን ከሥሩ ያለችው የሌላ ሰው ሥራ መሆኗን የምንረሳው ለዚህ ነው። በክሬሞና ሙዚየም የስትራዲቫሪ ቅርጽ ማውጫዎችና ንድፎች ተጠብቀው ይታያሉ፤ የጥንት ባሮቹ ግን ከሞላ ጐደል ሁሉም የሉም።

በቤትዎ ከአያት የተረፈ ቫዮሊን ቢኖር፤ በውስጡም «ስትራዲቫሪዩስ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቢያገኙ አይቸኩሉ። እንዲህ ያለው ወረቀት በጀርመንና በቦሄሚያ በርካሽ በተሠሩ እጅግ ብዙ ቫዮሊኖች ላይ ተለጥፏል። መብራትና ትንሽ መስተዋት ይዘው በጐን ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ባር ተለይታ የተጣበቀች ሳትሆን ገበታው ሲቦረቦር ከዚያው እንጨት የተተወች ጉብታ ከሆነች፤ ጊዜና ሙጫ የቈጠበ የፋብሪካ ሥራ መሆኑን ያውቃሉ።

መሣሪያው ጥሩ ሆኖ በወፍራሙ ክር በኩል ገበታው ቢሰምጥ ወይም ከውስጥ ቢንጣጣ ባሯ ደክማለች፤ ወይም ጫፏ ተላቃለች ማለት ሊሆን ይችላል። የተላቀቀ ጫፍ እንደ ገና ሊጣበቅ ስለሚችል፤ ጠጋኙ ልለውጣት ካለ በእርግጥ ደክማ እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁት። መለወጧ የግድ ከሆነም መላጊያው ሳይነካት ርዝመቷን፤ ከፍታዋንና የተቀመጠችበትን ቦታ ለክቶ በወረቀት ላይ ሥሎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። አዲሷንም በዚያው በቆዳ ሙጫ እንጂ በዘመናዊ ነጭ ሙጫ እንዳያጣብቃት ይንገሩት፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ ሊያነሣት ይገባው ይሆናልና።