ቤታችን በር አለው፤ በሩም ሕግ አለው





በእኩለ ሌሊት በር እየተደበደበ «ፍተሻ ነው!» ሲባል ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ እንከፍታለን። እናቶቻችንና እህቶቻችን ሂጃባቸውን እስኪያደርጉ እንኳ አይጠበቅም። ኪታቡ፣ የዳዕዋ ሲዲው፣ ላፕቶፑና ሞባይሉ በማዳበሪያ ታጭቆ ይወሰዳል። ምን እንደተወሰደ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት አትቀርልንም። ከዚያም «ሕግ አስከበርን» ይሉናል። የትኛውን ሕግ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰውነታችን፣ ቤታችንና ንብረታችን ከመመርመር እንዲጠበቅ፣ የስልክና የደብዳቤ ልውውጣችንም እንዳይደፈር ደንግጓል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ (በንጉሡ ዘመን የወጣ ነው፤ እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር የለም!) ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው ይላል። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይገልጻል፤ ፈታሹ ከዚያ ውጭ መውሰድ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር ፍተሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ማዘዣ መግባት የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ አንክድም። የሚሸሽ ተጠርጣሪን እግር በእግር ተከትሎ መግባት አንዱ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የሚፈለግ ዕቃ ሊሸሽ ነው የሚያሰኝ በቂ ምክንያት መኖሩ ሌላው ነው። ቡኻሪን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ከየትኛው ይመደባል?

ኮሚቴዎቻችን የተከሰሱበት አዋጅ 652/2001 እንኳ በ2012 እስኪሻር ድረስ በፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ ብቻ ይፈቅድ የነበረው ድንገተኛ ፍተሻ የተሽከርካሪና የእግረኛ ነበር። በስውር ቤት ለመግባት እሱም የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ አዋጅ እንኳ «የሽብር ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በር አይከፍትም ነበር።

ለእኛ ይህ የቆየ አደብ ነው። ሱረቱ ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባትን ይከለክላል፤ ሱረቱ ሑጁራት መሰለልን። ኸሊፋው ዑመር ግድግዳ ዘለው ገብተው አንድን ሰው በኃጢአት ላይ ባገኙት ጊዜ፣ ሰውየው «እኔ በአንድ ባጠፋ አንተ በሦስት አጠፋህ» ብሎ እንደሞገታቸውና እሳቸውም እንደተዉት ይወሳል። ያ ሰው ጥፋተኛ ነበር። እኛ ምን ይዘው ተገኙ ተባልን?

እንግዲህ በሩ ሲንኳኳ አንሳደብ፣ አንገፋተር። ማዘዣውን እንጠይቅ፤ ስሙን፣ አድራሻውንና የተፈቀደውን ዕቃ እናንብብ። ጎረቤት በምስክርነት እንጥራ፤ እምነቱ ማንም ይሁን። የተወሰደው አንድ በአንድ ይመዝገብ፤ ሳናነብ አንፈርም። ማዘዣ ከሌለ ሰዓቱንና የመጡትን ሰዎች ብዛት ጽፈን እናስቀምጥ።

አላሁ አክበር!