ቀኑ ያለፈበትን ቃል ማን ይጠይቅ?

ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተካሄደው የሴት ልጆች ጉባኤ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. አስቀራለሁ ብሎ በዓለም ፊት ቃል ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ወጪው የተሰላ ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ወጣለት። 2025 መጥቶ አለፈ። ግርዛቱ አልቀረም፤ ልጆችን መዳሩም አልቀረም። ቃሉ ሲገባ ትልቅ ዜና ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ግን «ያ ቃል ምን ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ድምፅ አልሰማሁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ዝምታ ነው።

መንግሥት ያቀደውን አለመፈጸሙ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው። 40 ከመቶ የሚሆኑ ሴቶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው በሚያገቡበት፣ ከመቶ 65ቱ በተገረዙበት አገር (ሁለቱም ቁጥሮች የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናቸው) በዐሥር ዓመት ሁሉን እጨርሳለሁ ማለቱ ራሱ የተለጠጠ ነበር። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቃሉ የተገባው ለሕዝብ ሆኖ ሳለ የሕዝብ ጠያቂ አልነበረውም። ጠያቂ መሆን የነበረባቸው ማኅበራት ወይ ተዳክመዋል፣ ወይ የለጋሽ ሪፖርት በመሙላት ተጠምደዋል።

ማኅበራት ሲጠይቁ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ካይሮ መመለስ ይበቃል። በ1994 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሕዝብና ልማት ጉባኤ 179 መንግሥታት ተስማምተው፣ የሕዝብ ጉዳይ ማለት የሰው ቁጥር መቀነስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሴቲቱ ውሳኔና ጤና ዋናው እንዲሆን ወሰኑ። እስከ 2015 የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ለሁሉም ይዳረስ አሉ። ስድስት ዓመት ሳይቆይ የሚሊኒየም የልማት ግቦች ሲነደፉ ግን ያ ግብ ከዝርዝሩ ወጣ። ቫቲካንና አንዳንድ መንግሥታት ጉዳዩ እንዲነሳ አይፈልጉም ነበር፤ ሌሎቹም ስለ እሱ ሲጨቃጨቁ ስምምነቱ እንዳይፈርስ ፈሩ። የእናቶች ሞት ይቀነስ ተብሎ ተጻፈ፤ እናት የምትሞትባቸው ያልተፈለገ እርግዝናና የተቀራረበ ወሊድ ግን ሳይነሱ ታለፉ።

ከዝርዝር መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። የዕቅድና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት የሚያደርጉት በዝርዝሩ ያለውን ነው፤ ገንዘቡም የሚከተለው ያንኑ ነው። የሴቶችና የቤተሰብ ምጣኔ ማኅበራት በየአገሩ ሚኒስትሮቻቸውን ሲጎተጉቱ ቆይተው በ2005ቱ የዓለም መሪዎች ጉባኤ ግቡን አስመለሱት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በአምስተኛው ግብ ሥር በይፋ ገባ። ሊፈጸም ከተያዘለት ጊዜ ግማሹ አልቆ ነበር። በ2015 የጸደቁት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ግን ከመጀመሪያው ይዘውታል፤ በጤናውም በሥርዓተ ጾታውም ግብ ሥር ተጽፏል፤ ያለዕድሜ ጋብቻና ግርዛትም ለብቻቸው ተጠቅሰዋል። ይህን ያስጻፉት መንግሥታቱን ዕረፍት የነሱ ማኅበራት ናቸው።

ይህ የኒውዮርኩ የተባበሩት መንግሥታት ወሬ ነው የሚል አንባቢ ካለ በአገራችን የሆነውን ያስታውስ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈችና የተደፈረች አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ታሪኩን ብዙ ሰው «ድፍረት» ከተባለው ፊልም ያውቀዋል። ከፊልሙ የሚበልጠው ግን ከችሎቱ በኋላ የተሠራው ነው። ማኅበሩ በአንዲት ልጅ ነጻ መውጣት ደስ ብሎት አልተቀመጠም፤ ሕጉ ራሱ ይሻሻል አለ። ከየክልሉ የመጡ አቤቱታዎችን ሰበሰበ፣ ረቂቅ አዘጋጀ፣ የምክር ቤት አባላትን አነጋገረ፣ ሴቶችን ይዞ አደባባይ ወጣ።

በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አሳደገ። አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ፣ ለጠላፊ የነበረውን ማምለጫ ዘጋ፤ ግርዛትንና ልጅን መዳርን ወንጀል አደረገ። ፅንስ ማቋረጥንም በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ ሲተው ለተደፈረች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ ልጅ ለማሳደግ ዕድሜዋ ላልደረሰ መንገድ ከፈተ። በዚህ የመጨረሻው ላይ ከሕግ ባለሙያዎቹ ጎን የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ ያመጡት ማስረጃ የዋርዱ እውነት ነው፤ በባሕር ማዶ የተጻፈ ንድፈ ሐሳብ አልነበረም። በሽቦና በቅጠላ ቅጠል ማኅፀኗ ተበላሽቶ ሌሊት የምትመጣን ተማሪ ደም ሲያቆሙ ያደሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ አንቀጽ የማይስማማ አማኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩንም አከብራለሁ። የሚሞቱት ሴት ልጆች ግን የማንም ፈጠራ አልነበሩም።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ። ከገቢው ከዐሥር ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በሕግና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ። የማኅበራት የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም ከታገዱት አንዱ ነበር። ነጻ የሕግ ምክር ፈልገው የሚመጡ ሴቶችን ይቀበሉ የነበሩ ባለሙያዎች ተበተኑ። ብዙዎቹ ድርጅቶች ከመተዳደሪያ ደንባቸው «መብት» የሚለውን አውጥተው «ልማት» የሚለውን አስገቡ፤ ክሊኒክ መክፈት፣ መድኃኒት ማደል፣ ሥልጠና መስጠት ይፈቀድ ነበርና። ይህ ለዐሥር ዓመት ቆየ።

ከአዋጁ በፊት ጀምሮ፣ በእነዚያም ዓመታት፣ አገልግሎቱ አድጓል፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 36፣ በ2019 ከመቶ 41 ደረሱ። ከመቶ ሺህ ሕያው ልደቶች የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወረደ። ይህን ያዩ ባለሥልጣናት «ታዲያ ያለ ጯሂ ማኅበር ሠራነው አይደል?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ይገባዋል።

መልሱ በራሱ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ውስጥ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. አማራ ክልል ውስጥ ከመቶ 47 ያገቡ ሴቶች መከላከያ ሲጠቀሙ ሶማሌ ክልል ውስጥ 2 ከመቶ እንኳን አልሞሉም፤ አፋር 12 ነበር። በአገር ደረጃ ደግሞ መውለድ ማቆም ወይም ማራራቅ ፈልገው መከላከያ ያላገኙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 22 ነበሩ። ከላይ የወረደ ዕቅድ ብዙኃኑን ይደርሳል፤ ያልደረሰበትን ግን አማካዩ ቁጥር ይደብቅለታል። ያላገባች ወጣት፣ የአርብቶ አደር ሚስት፣ በትግራይና በአማራ ጦርነት ጤና ጣቢያዋ የተዘረፈባት ሴት፣ በመጠለያ ያለች ተፈናቃይ፣ እነዚህ በአማካይ ውስጥ የሉም። እነሱን ወክሎ «እኛስ?» የሚል ካልኖረ ሪፖርቱ አምሮ ይቀርባል።

ሌላም ነገር አለ። በገጠር በብዛት የሚፈለገው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምልክት አይተውም፤ ቤት ውስጥ አይገኝም። ሴቲቱ በገበያ ቀን ቅቤዋን ይዛ ትወጣለች፤ ጤና ኬላ ጎራ ብላ ተወግታ ትመለሳለች። ባል የማይፈቅድ ከሆነ የቀጠሮ ካርዷን እዚያው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አደራ ሰጥታ ትሄዳለች። አቅርቦት በተቋረጠበት ጤና ኬላ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው ይህን ንግግር ሳይሰማ አይውልም፤

«ልጄ፣ ያቺ መርፌ ገባች?»

«አልገባችም እትዬ። ለሳምንት ብቅ ይበሉ።»

«የዛሬ ሳምንትም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።»

ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ሁለት ይሆናል። ሴቲቱ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ልጇን የምታረግዘው ግንዛቤ አንሷት አይደለም። ስድስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታለች፤ ያጣችው ብልቃጡን ነው። ግንዛቤ ማስጨበጫ እያሉ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ብልቃጡን ለረጅም ዘመን የገዛው በአብዛኛው የውጭ ለጋሽ ነው። ለጋሽ ደግሞ የራሱ ፖለቲካ አለው። አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪፐብሊካን ሲመረጥ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚያማክሩ የውጭ ድርጅቶችን ገንዘብ ትከለክላለች፤ ዴሞክራት ሲመጣ ትፈቅዳለች። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ክልከላው ተመለሰ፤ በዚያው ሰሞን የውጭ ዕርዳታው ከሞላ ጎደል በሙሉ ታገደ፤ በሐምሌ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። በኢትዮጵያ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። የኦሃዮ መራጭ ድምፁን ሲሰጥ የደቡብ ወሎ እናት መርፌ የምታጣ ከሆነ ሉዓላዊነት የምንለው ነገር ጎደሎ ነው። የሥነ ተዋልዶ ጤና የባዕዳን አጀንዳ ነው የሚሉ ወገኖችም ቢሆኑ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር ሊስማሙ ይገባል፤ የባዕድ እንዳይሆን ከፈለግን በራሳችን በጀት እንግዛው።

የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 ከመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። የእኛም መንግሥት ፈርሟል። ይህም ጠያቂ ያጣ ቃል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የማኅበራቱ ሕግ ተሻሻለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት ገንዘባቸው ከየትም ይምጣ በመብት ጉዳይ እንዲሠሩና ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል እንዲጎተጉቱ ፈቅዷል። በር ተከፍቶ ሳለ የማኅበራቱ እግር አለመጠንከሩ ግን ያሳስባል። ከዐሥር ዓመት ዝምታ የወጣ ድርጅት የሚያውቀው ፕሮጀክት መጻፍ ነው፤ መንግሥትን መጠየቅ የለመዱት አንጋፋዎች ተበትነዋል። በ2017 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የዘላቂ ልማት ግቦች አፈጻጸሟን ለተባበሩት መንግሥታት አቅርባለች። ከመንግሥት ሪፖርት ጎን ማኅበራት የራሳቸውን ትይዩ ሪፖርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ አዘጋጅተው ለአገር ሰው ያነበቡበትን መድረክ ግን አላየሁም። ኒውዮርክ መሄዱን አልቃወምም፤ የካይሮውና የ2007ቱ ድል የተገኘው በዚያም መንገድ ነው። በጀቱ የሚጸድቀው ግን ወረዳ ምክር ቤት ነው።

የገንዘቡንም ነገር በግልጽ እንነጋገር። በየወሩ ለዕድር እያዋጣ ቀባሪ የማያጣ ሕዝብ፣ እናት በወሊድ እንዳትሞት ለሚቆም ማኅበር ማዋጣት አያቅተውም። የጠየቀው ስለሌለ ነው። በቤተሰብ መምሪያ ማኅበር፣ በሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በአዋላጅ ነርሶች ማኅበር የአባልነት መዋጮ የሚከፍል አንድ መቶ ሺህ ሰው ቢገኝ፣ ለለጋሽ ሳይሆን ለአባላቱ መልስ የሚሰጥ ማኅበር ይኖረናል። ከምባታ ውስጥ ግርዛትን ያዳከመችው ቦጋለች ገብሬ የጀመረችው ከአገሬው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ በመወያየት ነው፤ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ የተዳሩት የአገር ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ይቅር» ስላሉ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሕዝብ ሥራ ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም አያልቅም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ረቂቅ በጀቶች በግንቦትና በሰኔ ይዘጋጃሉ። የምክር ቤት ተመራጭህን ስም የምታውቅ አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ሁለት ጥያቄ አቅርብለት። ለወሊድ መከላከያ ግዢ ከወረዳውና ከክልሉ ግምጃ ቤት ስንት ብር ተያዘ? የ2025ቱ ቃል ሳይፈጸም ቀርቶ አዲሱ ቀን መቼ ነው? በዓለም ደረጃ የእናቶችን ሞት ከመቶ ሺህ ሕያው ልደቶች ከ70 በታች ለማውረድ የተፈረመበት 2030 እ.ኤ.አ. ቅርብ ነው። መልሱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ካልሰጠህም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጎረቤቶችህን ይዘህ ድጋሚ ጠይቅ።